የግራው ረድፍ ችሎት

ሰኔ ሦስት ቀን ነበር። ወይስ ሰኔ አራት? ሐሙስ ለመሆኑ እምላለሁ። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ያን ጠዋት ግማሽ ጸጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ከአውቶቡሱ ኋላ ስትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷ ደግሞ ከሐሙስ በቀር ጸጉሯን አትጠቀልልም። ቀኑን በትክክል የጻፍኩበት ደብተር ነበረኝ። ከሦስት ጊዜ የቤት ለውጥ በኋላ የት እንደገባ እንጃ። አንዳንዴ ሌላ መጽሐፍ ልፈልግ ብዬ እነሳና እሱን ስፈልግ እውላለሁ።

ያን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ ወጣት መምህር ነበርኩ። ኮሌጁ ሠራተኞቹን ጠዋት ከከተማ የሚያመጣ፣ ማታ የሚመልስ አንድ ሰርቪስ አውቶቡስ ነበረው፤ የመቀመጫው ስፖንጅ የወጣ፣ መስኮቱ ግማሹ የማይከፈት፣ ግማሹ የማይዘጋ። ስለ ሾፌሩ ነው የማወጋችሁ። ስሙን ከደሞዝ መክፈያው ወረቀት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ለሁላችንም ጋሽ ፍሬቻ ነው።

ፍሬቻ ሳያበራ የሚሠራው ነገር የለም። ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ከአንዲት ድመት በቀር ተመልካች በሌለበት፣ አውቶቡሱን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲያዞር እንኳ ፍሬቻ ያበራል። መምህራን ክበብ ውስጥ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወንበር ሲፈልግ፣ «ጋሼ፣ ወዴት ልትታጠፍ ነው? ፍሬቻ አሳየን እንጂ!» ይሉታል። እሱም ሳይስቅ በባዶ እጁ አውራ ጣቱን ወደሚዞርበት ይቀስርና ያልፋል።

ወደ ኮሌጁ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ነበረው። ቀኙ መሄጃ፣ ግራው ማለፊያ። ይኸው ነው ሕጉ። ጋሽ ፍሬቻን ከዚህ ሕግ በላይ የሚያስደስተው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ይህን ሕግ ከሚጥስ ሰው በላይ የሚያበግነውም አልነበረም።

«ግራው ቤት አይደለም፤ በር ነው» ይል ነበር። «ገብተህ የምትወጣበት። በር ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው፣ እዩት! ፍራሹን ዘርግቶ፣ ትራሱን አመቻችቶ!»

ከፊታችን አንዱ ቀኙ ባዶ ሆኖለት ግራውን ይዞ በስድሳ ይንፏቀቃል ማለት ነው።

«በቀኝ እለፈውና ገላግለን!» ይላል ከኋላ ወንበር አንዱ።

«በቀኝ ማለፍ በመስኮት መግባት ነው። እኔ ሌባ አይደለሁም።»

እውነትም በቀኝ አያልፍም። ረጅሙን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርግና ይጠብቃል። ክላክስ አይነፋም፤ ክላክስ ላህያና ለድንገተኛ አደጋ ነው ባይ ነው። ሰውየው እስኪገባው ድረስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነገር ይጀምራል። ያ ለራሱ የሚያወራው ወሬ ነው ቀስ በቀስ ወደ ችሎት ያደገው።

እንዴት እንደተጀመረ አላስታውስም። አንድ ቀን የላብራቶሪዋ ባለሙያ ብድግ ብላ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሽ ነጭ ፒክአፕ፣ ቀኙ ባዶ ሆኖ ሳለ ግራውን ይዞ በመተኛት፣ አርባ አንድ ሰው ከእንጀራው አዘግይቷል!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓቃቤ ሕግ ሆነች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ስለሚውሉ አባ ዝምታ እንላቸዋለን። እሳቸው ለሁሉም ተከሳሽ ይራሩ ስለነበር ጠበቃ ሆኑ። የሒሳብ መምህሩ የተከሳሹን ፍጥነት ከመንገድ ዳር ምሰሶዎች እየቆጠረ ያሰላል። እኔ ደብተር ስላለኝ መዝገብ ያዥ። ዳኛው መሪውን የያዘው ነው።

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። አንዱ ዕድሜ ልኩን ከራሱ ኋላ እንዲነዳ ተፈረደበት። ሌላው በሕልሙ ሁሉ ባለ ተሳቢ ተከትሎ ዳገት እንዲወጣ። የአንዲት ቡናማ መኪና ባለቤት ደግሞ ወንዝ ዳር ቆሞ ኤሊ እያሳለፈ ሦስት ወር እንዲሠራ። አባ ዝምታ ይነሱና፣ «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ምናልባት የልጅነቱን ሰፈር እያስታወሰ ይሆናል፤ ሰው ሲያስታውስ እግሩ ከነዳጁ ላይ ይነሳል» ይላሉ። ይግባኝ ውድቅ ይሆናል። መኪናዋ ቀኟን ስትይዝ ግን ጋሽ ፍሬቻ ፍሬቻውን አብርቶ ያልፍና፣ ጎን ለጎን ስንሆን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። «ተመክሯል፤ በነጻ ይሂድ» ይላል። አርባ አንድ ሰው ያጨበጭባል። ተከሳሹ ምንም ሳይገባው እጁን ያውለበልብልናል።

ሳቁ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ከሥሩ አንድ የማያስቅ ነገር ነበር። በኮሌጁ በር ላይ የስምሪት ኃላፊው ሰዓቱን ይዞ ይቆማል። ቀጭን ሰው ነው፤ የእጅ ሰዓቱ ከክንዱ ይሰፋል። ሰርቪሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከገባ ይጽፋል። ጋሽ ፍሬቻ በዚያ ዓመት ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። የመጀመሪያው፣ ሁለት ባለ ተሳቢዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ልቅደም ብሎ ሰባት ኪሎ ሜትር ሙሉ ሲታገል ኋላቸው በመቅረታችን ነው። ሁለተኛው፣ ግራውን ይዞ ብርቱካን ይልጥ በነበረ ሰውዬ የተነሳ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በቀኝ ማለፍ ይችል ነበር። ሦስተኛ ደብዳቤ ከመጣ ከመንገድ ተነስቶ የጎማ መጋዘን ጠባቂ እንደሚሆን ተነግሮታል።

«የማይዞር ጎማ እያየሁ ልሙት?» አለኝ አንድ ቀን፣ አውቶቡሱን እየጠረገ። «ሰው ሬሳ ይጠብቃል እንጂ የቆመ ጎማ ይጠብቃል?»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነድቷል። ሌላ ሙያ አያውቅም፤ ሌላም አይፈልግም።

ባለቤቱን በዝና እናውቃት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የኮሌጁን የምረቃ ጋውን በየዓመቱ የምትሰፋው እሷ ነች። አንድ ጊዜ መኪና ሊያስተምራት ኳስ ሜዳ ወስዷት ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሳሉ ጮኸባት። መኪናውን ሜዳው መሐል አቁማ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከታለት፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሦስት ቀን ቤቱ ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር የተናገረ አልነበረም።

«እሷ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን» አለን ጋሽ ፍሬቻ፣ «እኔ በገዛ እጄ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፍቼ አለብሳለሁ!»

«መዝገብ ላይ ይስፈር!» ጮኸች ዓቃቤ ሕጓ። አሰፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የሷ ነገር ሲነሳ እጁን ያወናጭፋል። «ማታ ማታ እራት ላይ የቀኑን ጥፋተኞች አንድ በአንድ እተርክላታለሁ። ክር እየበጠሰች ትሰማኛለች። ይበቃታል።»

ያን ሐሙስ ሰርቪሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ተነሳ። በስድስት ዓመት ተሳፋሪነቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ጋሽ ፍሬቻ ከአንድ ሰዓት ደቂቃ ቀድሞም ደቂቃ አሳልፎም አይነሳም። እኛ ተሳፍረን ገና ቦታ ስንለዋወጥ ሞተሩ ተነሳ፣ በሩ ተዘጋ፤ ዓቃቤ ሕጓ ቢጎዲኗ አናቷ ላይ እየተንቀጫቀጨ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላ ሮጠች። ቆመላት።

«ጋሼ፣ ምን ነክቶሃል ዛሬ? አምስት ጉዳይ እኮ ነው!»

«ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ፈተና አለ አይደል።»

ፈተና እንኳ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይጀመራል። እሷ ግን ትንፋሿን እስክትሰበስብ አጠገቡ ቆማ ደረቱን አየችውና ሳቋ መጣ። ነጭ ሸሚዙ ላይ ሦስተኛው ቁልፍ ቀይ ነው፤ የሴት ካፖርት ላይ የሚሆን ትልቅ ቀይ ቁልፍ፣ ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ዙሪያውን የተወሳሰበ።

«ጋሼ፣ ደረትህ ላይ ቀይ መብራት በርቷል! ቁም!»

አውቶቡሱ ሳቀ። እሱ ቁልፉን በመዳፉ ከለል አድርጎ፣ «ተበጥሶብኝ ራሴ ሰፋሁት» አለና ፍሬቻውን አበራ።

የፍጥነት መንገዱን ከያዝን አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ከሩቅ የመኪና ሰልፍ አየን። ግራው ረድፍ ላይ ጭራ ሠርቷል። ከጭራው እየተገነጠሉ በቀኝ የሚያልፉት ክላክሳቸውን ዛሬውኑ ሊጨርሱት የተማማሉ ይመስል ያንባርቃሉ፤ አንዱማ ክንዱን እስከ ትከሻው አውጥቶ ይሳደባል። የሰልፉ ራስ አንዲት ሰማያዊ ትንሽ መኪና ናት። ግራውን ይዛ፣ ነጩን መስመር ሳትነካ፣ እንደ ሙሽራ ትሄዳለች።

«አርባ አምስት» አለ የሒሳብ መምህሩ ምሰሶ ቆጥሮ። «ምናልባት አርባ አራት ተኩል።»

«ክቡር ዳኛ!» ዓቃቤ ሕጓ ወንበር ጨብጣ ተነሳች። «ይህ ተራ ክስ አይደለም! ተከሳሽ ሰማያዊ መኪና ግራውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ርስት አድርጋዋለች! ካርታ ማውጣት ብቻ ነው የቀራት!»

«ጠበቃ!» አልን።

አባ ዝምታ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ምናልባት... ምናልባት መንገዱ ስላማራት ይሆናል።»

«ዳኛው ምን ይላል?»

ዳኛው መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ረጅሙን መብራት አላበራም። የቀሩት መኪኖች በቀኝ አልፈው እኛና ሰማያዊዋ መኪና ብቻ ስንቀር፣ ከነዳጁ ላይ እግሩን አነሳና ራቅ አለላት። ከዚያ አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ጊዜ አበራ። ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ። አርባ አንድ ሰው በአርባ አምስት መሄድ ጀመርን።

«ጋሼ፣ ፍርድ!»

«ችሎቱ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል» አለ።

ችሎት ተቀጥሮ አያውቅም። ደብተሬ ውስጥ ስንት መቶ መዝገብ አለ፤ ሁሉም እዚያው በዚያው የተፈረደ። ሁከት ሆነ። አንዱ «ምሰሶ እየቆጠርን ልናድር ነው!» ይላል፤ ሌላው «ለዛሬ እንኳ በመስኮት እንግባ!» ይላል። የሒሳብ መምህሩ ሰዓቱን አይቶ፣ «በዚህ አካሄድ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ከሦስት ነን» አለ። ያኔ ሳቁ ቀጥ አለ። ሁለት ሰዓት ከሦስት ማለት ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። ሁላችንም እናውቃለን።

«ጋሼ» አሉ አባ ዝምታ፣ ከፊት ወንበር አንገታቸውን አስግገው። «ያቺ መኪና የኋላ መቀመጫዋ ላይ የተቆለለው ጥቁር ነገር ጋውን አይደለም?»

«ነው።»

«ሾፌሯ ደግሞ አንገቷ ላይ ሜትር አጥልቃለች።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ናት?»

ጋሽ ፍሬቻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለቤቴ ናት።»

 አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። የኋላ ወንበር መሬት ላይ ተንከባለለ። ዓቃቤ ሕጓ ሁለት ቢጎዲን ወደቀባት። «ክሱን አንስቻለሁ! አንስቻለሁ! ከመዝገብ ይፋቅ!»

«የለም፣ አይፋቅ» አለ እሱ። ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ጥፋተኛ ናት። ግራውን ይዛ ተኝታለች። ሕግ ሕግ ነው። ግን ከዚህ ወዲያ ማንም ክላክስ አይነፋባትም።»

«ደውልላትና ቀኙን ያዢ በላት!»

«መሪ ጨብጣ ስልክ ታንሳ? ልታስገድልብኝ ነው?»

«መብራት አብራላት እንግዲያ!»

«ትደነግጣለች። የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ እጇን አታዩትም? መሪውን አንቃዋለች።»

«ጋሼ፣ ደብዳቤውስ?» አልኩት እኔ። አጠገቡ ነበርኩ።

የኋላ መስታወቱን አየ። «ጎማም ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ከኋላችን ትልቅ ባለ ተሳቢ ደርሶ ክላክሱን ሊያንባርቅ ሲል፣ የሒሳብ መምህሩ ከመቅጽበት ወረቀት አወጣ። በወፍራም ማርከር «ቀስ በል፤ የሾፌራችን ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ቀኗ ነው» ብሎ ጻፈና የኋላው መስታወት ላይ ለጠፈው። የተሳቢው ሾፌር አንገቱን አስግጎ አነበበ። ሲስቅ ጥርሱ ታየን። እሱም አራቱን ፍሬቻ አበራና ኋላችን ተሰለፈ። ቀጥሎ አንድ ሚኒባስ መጣ፤ ተሳቢው ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፣ እሱም አበራ። ብዙም ሳይቆይ ሰባት መኪና፣ ሁሉም በአርባ አምስት፣ ሁሉም ቲክ ታክ ይላል። የሚያየን ሰው ሚኒስትር የምናጅብ ሳይመስለው አልቀረም። ከፊታችን ሰማያዊዋ መኪና ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች። ተሳፋሪው ዘፈን ጀመረ፤ ዜማው ከአንዱ፣ ግጥሙ ከሌላው።

ዘፈኑን ያቆመው ጋሽ ፍሬቻ ነው። «ዝም በሉ። መውጫው ደረሰ።»

የኮሌጁ መውጫ በቀኝ ነው። እሷ በግራ ናት። መውጫውን ካለፈች ቀጣዩ መውጫ ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ቀኙ ላይ ደግሞ ከባድ መኪኖች በሰማንያ ይመጣሉ፤ እንዲያ መሪውን ያነቀ እጅ በመካከላቸው ሲገባ ታየኝ።

ጋሽ ፍሬቻ የቀኝ ፍሬቻውን አበራ። አንድ ባዶ ቦታ ጠበቀና አውቶቡሱን ወደ ቀኙ ረድፍ አስገባ፤ ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ከሷ ፍጥነት ጋር አስተካክሎ፣ ረድፉን እንደ መዝጊያ ዘጋው። ተሳቢው ገባው መሰለኝ ግራውን ዘግቶ ቆየላት። ከፊታችን በቀኝ በኩል መንገዱ ባዶ ሆነ፤ የሷ ብቻ።

«መስታወት እዪ» አለ ጋሽ ፍሬቻ፣ ለማንም ሳይሆን። «የቀኙን መስታወት። እዪ እንጂ፣ እመቤቴ።»

«እዪ፣ እዪ» አለ አውቶቡሱ በሹክሹክታ።

ጭንቅላቷ ወደ መስታወቱ ዞር ሲል አየን። ከዚያ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የመስታወት ጠራጊዋ ተነሳና ግራና ቀኝ ማለት ጀመረ።

«ሌላኛው ነው!» ጮኸች ዓቃቤ ሕጓ። «በሌላኛው እጅ!»

ጠራጊው እየሠራ ሳለ የቀኝ ፍሬቻዋ በራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀስ ብላ መስመሩን ተሻገረች፣ ከፊታችን ገባች፣ ወደ መውጫው ታጠፈች። ያን ዕለት የተሰማውን ዓይነት ጩኸት ኳስ ሜዳ ውስጥም አልሰማሁም። ጋሽ ፍሬቻ ብቻ አልጮኸም። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና፣ «አቧራ ነው» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

በሩ ላይ ስንቆም ሰማያዊዋ መኪና ግድግዳው ሥር ጠማማ ቆማለች፤ ጠራጊዋ አሁንም ይሠራል። አንዲት ቁመቷ አጠር ያለ ሴት ሜትሯ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ መጥታ የአውቶቡሱን በር በመዳፏ ደበደበች።

«ማነው የዚህ ሾፌር? ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ! ሰው አያልፍም እንዴ? እንዲህ ዓይነት ቀርፋፋ ነው ለሰርቪስ የሚቀጠረው?»

በሩ ተከፈተ።

«እንደምን አደርሽ» አለ ጋሽ ፍሬቻ።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ብዙም አልያዘችውም። «አንተ ሰውዬ! አንተ ነህ እንዲህ የምትንቀራፈፈው?»

«ግራውን ለምን ያዝሽ?»

«ምን ላድርግ? ሃያ ሁለት ዓመት እራት ላይ የማትጠግበው ወሬ እሱ አይደለም? ግራው፣ ግራው፣ ግራው! ስለ ቀኙ አንድ ቀን አንስተህልኝ ታውቃለህ? ደህና ሰው ሁሉ የሚሄደው በግራ መስሎኝ!»

አርባ አንዳችንም ወደ ዳኛው ዞርን። አባ ዝምታ ከመነጽራቸው በላይ አይተው በዝግታ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ነጻ ናት። አስተማሪዋ ይከሰስልኝ» አሉ። በሥራ ዘመናቸው ያሸነፉት አንድ መዝገብ ይህ ነው።

ጋውኑን ስናወርድ እኔም አንድ እቅፍ ይዤ አብሬያት ስሄድ አወራችኝ። ከማሽከርከር ማሠልጠኛ የተማረችው አራት ወር ተደብቃ ነው። መኪናዋን በዱቤ የሸጠላት ወንድሟ ነው፤ ማታውን አምጥቶ ጎረቤት አቁሞላታል። «ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አለችኝ። «መንጃ ፈቃዴን የት እንደደበቅኩ ታውቃለህ? የቁልፍ ቆርቆሮዬ ውስጥ። እሱ እንደሆነ የሸሚዝ ቁልፍ ሲበጠስበት ቆርቆሮውን አይነካም፤ እኔን ነው የሚጠራ።»

ዞር ብዬ አየሁት። ጋሽ ፍሬቻ በሩ ላይ የስምሪት ኃላፊው ፊት ቆሟል። ደረቱ ላይ ራሱ የሰፋው ቀዩ ቁልፍ ፀሐይ መቶት ያበራል።

«ሁለት ሰዓት ከሦስት» እያለ ይጽፋል ኃላፊው። «ምክንያት?»

«ግራውን የያዘ ቀርፋፋ መኪና» አለ ጋሽ ፍሬቻ። ውሸት የለበትም።

አርባ አንዳችንም ፈርመን አመለከትን። ኃላፊው ወረቀቱን መለሰልን፤ «ሰዓት ፊርማ አያውቅም» አለ። ሰኞ ዕለት ሰርቪሱን ሌላ ሰው ያዘው፤ ወጣት፣ በቀኝም በግራም የሚያልፍ፣ ችሎት የማይገባው። ደብተሬ እዚያ ላይ አበቃ።

ጋሽ ፍሬቻ ግን እንደፈራሁት አልሞተም። የጎማ መጋዘኑን ወለል ነጭ ቀለም ቀብቶ ሁለት ረድፍ ሠራለት፤ ጎማ የሚያንከባልል ሁሉ ቀኙን ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምታመጣው ባለቤቱ ሆነች። እኛ በሰርቪሱ ስናልፋቸው ሰማያዊዋ መኪና ቀኟን ይዛ በአርባ አምስት ትሄዳለች፤ እሱ ጎኗ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ቃል ላለመናገር ከንፈሩን ነክሶ። ዓቃቤ ሕጓ በመስኮት፣ «ጋሼ፣ ወንበሩስ?» ብላ ትጮኻለች። እሱ በመርፌ የተወጋጉ አሥር ጣቶቹን አንስቶ ያሳያታል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። ስለ ቀዩ ቁልፍና ስለ አምስቱ ደቂቃ ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ ስል የቆየሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ለምን ያኔውኑ አልጠየቅኩትም? ወጣት ሳሉ ሰው ሁሉ እዚያው የሚቆይ ይመስላል።

ዘጠኝ ዓመት ይሁን አሥር ካለፈ በኋላ፣ ነዳጅ ማደያ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ ያለችውን መኪና አየሁና ልቤ ዘለለ። ሰማያዊ። ቀለሟ ነጥቷል፤ በሁለቱ በኩል ተጭራለች። መሪው ላይ እሷ ናት፣ ጸጉሯ ሽበት የሞላው። ከጎኗ እሱ ነው። ወርጄ ሄድኩ።

«መዝገብ ያዥ!» ጮኸ። አንገቴን በመስኮት ጎትቶ ሳመኝ። «አረጀህ እኮ!»

«አንተስ ምን ቀረህ?» አለችው እሷ። «ልጁን ተወው።»

ወንበሮቹ ቡናማ ልብስ ለብሰዋል። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ እየሸሸ፣ እየሸሸ ይሄዳል።

«ፍርዱ ተፈጽሟል» አልኩት።

«አራት ወር ፈጀብኝ። ፈትታ ታሰፋኛለች፣ ፈትታ ታሰፋኛለች። እሷ ስታስተምር አትጮህም፤ ዝም ብላ ትፈታዋለች። እሱ ይብሳል።»

ሳቅን። ነዳጅ ቀጂው ክዳኑን ዘግቶ እጁን አውለበለበላቸው፤ ከኋላ አንዱ ክላክስ ነፋ።

«በይ ልቀቂለት እንጂ» አላት። «ሰው ኋላሽ ቆሟል።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ» አልኩ፣ የመስኮቱን ጠርዝ ይዤ። «ያን ቀን አምስት ደቂቃ ቀድመህ...»

እሷ ግን ሞተሩን አስነስታለች። መስታወቱን አየች፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። እጄን አነሳሁ። እሱ በመስኮት አውራ ጣቱን አውጥቶ ወዴት እንደሚታጠፉ አሳየኝ፤ ፍሬቻዋ በራ፣ ቀኟን ይዛ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች።